በደጋ አገር በትንሽ የመስተዋት ቤት የካክተስ አበባ ስለ ማልማትና ስለ መነገድ

ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመናውና ጉሙ ፀሐይን ከልሎ ይሰነብታል። እንዲህ ያለች አገር የበረሃ ተክል ነው ተብሎ ለሚነገርለት ለካክተስ የምትስማማ መስላ አትታይም። ይሁን እንጂ የካክተስን ጠባይ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው የኩታበር በጋ በገንዘብ የማይገኝ ሀብት ነው፤ የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ ግቢ ውስጥ ግሪን ሃውስ ወይም የመስተዋት ቤት የሚሠራ ሰው፣ ቤቱን የሚሠራው ሙቀት ለማግኘት ከመሆኑ በፊት ዝናብ ለማገድ መሆኑን መገንዘብ ይገባዋል። ካክተስን የሚገድለው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን ብርድና እርጥበት አንድነት ሲገጥሙ ነውና።

ጉዳዩ ለአበባ ወዳዶች ብቻ የቀረበ አይደለም። በትንሽ መትከያ የተተከለ ካክተስ በአዲስ አበባ የችግኝ ጣቢያዎች የሚሸጥ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች የሚጓዝ ሸቀጥ ነው። ይህን ሸቀጥ የሚይዝ ባለ ሱቅ እንደ ጽጌረዳ ነጋዴ ስለ መንገዱ የሚጨነቅበት ብዙ ምክንያት የለውም። የተቆረጠ ጽጌረዳ ከእርሻው ተነሥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ቶሎ ይረግፋል፤ ካክተስ ግን አፈሩ ተራግፎ፣ ሥሩ ደርቆ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በካርቶን ቢታሸግ ሁለት ሳምንት ተጉዞም ጤናማ ሆኖ ይደርሳል። ሸቀጡ የሚበላሸው በመኪና ላይ ሳይሆን በሱቁ መስኮትና በገዢው ሳሎን ውስጥ ነው። ጠዋት ማታ እየራራለት ውሃ የሚያጠጣው ደግ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ከዚያም የተታለለ መስሎት ሁለተኛ ወደ ሱቁ አይመለስም። ስለዚህ የሚሸጡትን ነገር አኗኗር ማወቅ በዚህ ንግድ ውስጥ ከትርፉ የማይለይ ነገር ነው።

አስቀድሞ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛ ቁልቋል የሚለው ስም ዝምድና ለሌላቸው ሁለት ተክሎች ሲሰጥ ይሰማል። በወሎ ተራሮች ላይ እንደ መቅረዝ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚቆመው ነባሩ ቁልቋል ኢዩፎርቢያ ከሚባለው ወገን ነው፤ ካክተስ አይደለም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ወተቱም ዓይን ውስጥ ቢገባ ክፉ ጉዳት ያደርሳል። ካክተስ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። በአፍሪቃ ደኖች ውስጥ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያድግ አንድ ዓይነት በቀር፣ በሌላው ዓለም የሚታየው ሁሉ በሰው እጅ የተወሰደ ነው። የካክተስ መለያ ምልክቱ እሾሁ የሚነሣበት ጥጥ የመሰለ ትንሽ ነጥብ ነው። ይህ ነጥብ የሌለው ተክል እሾሁ ምንም ቢበዛ ካክተስ ሊባል አይችልም። ወተቱ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ማሚላሪያ ከሚባሉት እውነተኛ ካክተሶች መካከል አንዳንዶቹ ወተት አላቸውና።

በአጥርነት የሚተከለውና ፍሬው የሚበላው በለስ ደግሞ እውነተኛ ካክተስ ነው። ስሙ በግዕዝ የሌላ ዛፍ፣ ማለትም በቅዱስ መጽሐፍ የሚነገርለት የበለስ ዛፍ ስም ነበር። ይህኛው ተክል ከሜክሲኮ ወደ ስፔን ተሻግሮ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከተዛመተ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይነገራል። በለስ በዚህ ትምህርት ውስጥ ትልቅ ስፍራ ስላለው ወደ ኋላ እንደገና ይነሣል።

ካክተስ ሁሉ የአሸዋ በረሃ ተክል ነው ማለት ስሕተት ነው። በአበባቸው የሚወደዱት ትናንሾቹ ካክተሶች አብዛኞቹ የተገኙት ከሜክሲኮ ደጋ፣ እንዲሁም ከቦሊቪያና ከአርጀንቲና ተራሮች ነው። ሬቡሺያ የምትባለው ድንክ ካክተስ በአንዲስ ተራሮች ላይ እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ባለ ከፍታ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትበቅላለች። በእነዚህ አገሮች ዝናቡ የሚዘንበው በሞቃቱ ወራት ሲሆን ቀዝቃዛው ወራት ደረቅ ነው። ካክተሱም በቀዝቃዛውና በደረቁ ወራት ማደጉን አቁሞ ይሸበሸባል፤ በዚያን ጊዜ የአበባውን እምቡጥ በውስጡ ያዘጋጃል። ይህን ዕረፍት የተነፈገ፣ ዓመቱን ሙሉ በሞቀ ሳሎን ውስጥ ውሃ እየጠጣ የኖረ ካክተስ ወደ ላይ ተስቦ ይቀጥናል እንጂ አያብብም። «ካክተሴ ለምን አላበበም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

እንግዲህ በወሎ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወራት ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አየሩ ደረቅ፣ ቀኑም ብሩህ ነው። በሰሜን አውሮፓ ያሉ አልሚዎች በዚሁ ወራት ጨለማና እርጥበት ስለሚገጥማቸው ነዳጅ እያቃጠሉ ያሳልፉታል። ኩታበር ግን በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ብርሃኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል። አውሮፓዊው በብዙ ወጪ የሚፈልገውን ቀዝቃዛና ብሩህ ዕረፍት የኩታበር ሰው ያለ ዋጋ ያገኘዋል ማለት ነው።

ልዩነቱ በክረምት ላይ ነው። በሜክሲኮ ደጋ ዝናቡ ዘንቦ ሲያባራ ብርቱ ፀሐይ ይወጣል፤ በወሎ ደጋ ግን ሐምሌና ነሐሴ ለሳምንታት ይዳምናሉ። በዚህ ጊዜ ውሃ የጠጣ ካክተስ ውሃውን የሚሠራበት ብርሃን ስለማያገኝ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ በኩታበር የሚለማ ካክተስ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያርፍ ይገባዋል፤ አንድ ጊዜ በብርዱ፣ ሁለተኛ ጊዜ በጨለማው። የሚያድገው በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ደግሞም በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በዚህ ላይ የወሎ በልግ አለ። ለገብስ ገበሬ በረከት የሆነው የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ፣ ከእንቅልፉ ገና በመንቃት ላይ ያለውን ካክተስ በብርዱ ውስጥ ያርሰዋል። እንግዲህ ጣራው የሚያስፈልገው በክረምት ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ቤቱን በተመለከተ ትልቅነቱ አያስፈልግም። 3 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ወርድ ባለው ቤት መካከል 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ተትቶ፣ ግራና ቀኙ 70 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው መደብ ቢደረግ 4 ካሬ ሜትር ከፍ ያለ ማስቀመጫ ይገኛል። በዚህ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው አራት ማዕዘን መትከያዎች ተጠጋግተው ቢደረደሩ ከ800 በላይ ይይዛል፤ አየር እንዲተላለፍ ተራርቀው ቢቀመጡ ግን 600 ያህሉን ማሰብ ይሻላል። ለአንድ ቤተሰብ የጎን ሥራ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ከአውሮፓ መጽሐፍ ላይ ሥዕል ገልብጦ ግድግዳውን ሁሉ በመስተዋት መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በቀትር ወደ አናት ቀርባ ስለምትውል ብርሃኑ በብዛት የሚገባው በጣራው በኩል ነው። ስለዚህ የሰሜኑና የምዕራቡ ግድግዳ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ቢሆን ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይሰጣል። የምሥራቁ ግድግዳ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ሊሆን ይገባል፤ ከውርጭ ሌሊት በኋላ የማለዳ ፀሐይ ቶሎ እንዲገባ ነው። ደቡቡም እንደዚሁ ነው፤ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደዚያው ታዘነብላለችና።

ለጣራው መስተዋት ያማረ ቢሆንም የደጋ በረዶ ይሰብረዋል። በገበያ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ ደግሞ በከፍታ ቦታ ፀሐይ ዓመት ሳይሞላው ይሰነጣጠቃል። የሚሻለው የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት፣ የፀሐይን ጨረር እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራውና 200 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው ላስቲክ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ፖሊካርቦኔት ቢያለብሰው ይበልጥ ይቆይለታል። ጣራው ውሃ እንዳያቁር በደንብ ይዘቅዝቅ፤ የሚወርደውም ውሃ በአሸንዳ ወደ በርሜል ይግባ። የዝናብ ውሃ ኖራ ስለሌለበት ለካክተስ ከጉድጓድ ውሃ ይበልጣል።

በርሜሉ ሁለተኛ ጥቅም አለው። 200 ሊትር ውሃ የያዘ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ በርሜል በቤቱ ውስጥ ቢቀመጥ ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት ውሃው በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ምድጃ ከሁለት ሰዓት በላይ ቢነድ ከሚሰጠው ጋር ይስተካከላል። ሁለት ወይም ሦስት በርሜልና የድንጋይ ግንብ ያለው ትንሽ ቤት፣ ማታ ጣራው በጆንያ ወይም በብርድ ልብስ ቢሸፈን ከብዙው ውርጭ ይድናል። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ ማሳደር ግን ፈጽሞ አይገባም። ጭሱ ተክሉን ይጎዳል፤ ማለዳ ተክሉን ለማየት የሚገባውንም ሰው ይገድላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአየር መውጫው ነው። በጥር ቀትር ውጭው ነፋሻ ሆኖ ሳለ የተዘጋ የላስቲክ ቤት ውስጡ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከላይ በኩል የሚከፈተው መስኮት ስፋቱ ከወለሉ አንድ አምስተኛ ማነስ የለበትም፤ ለ6 ካሬ ሜትር ቤት 1.2 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። በበጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፍቶ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ በ10 ሰዓት ቢዘጋ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ከሱቅ ጥላ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ደጋ ፀሐይ የገባ ካክተስ ቆዳው ይቃጠላል፤ ጠባሳውም ዕድሜ ልኩን አይጠፋም። ስለዚህ አዲስ የመጣውን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት በጥላ መረብ ሥር ማቆየት፣ ወይም ላስቲኩን በቀጭን ኖራ መለቅለቅ ይጠቅማል።

የአፈሩ ነገር አጭር ነው። የወሎ ጥቁር ዋልካ ለጤፍ ያማረ ቢሆንም ለካክተስ መቃብር ነው፤ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ሥሩን እየሰነጠቀ ይበጥሳል። ደቃቁ በወንፊት የወጣለት ሻካራ አሸዋ፣ የተሰባበረ ሸክላና ጡብ፣ ወይም ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው ቀይ አሽ ሁለት እጅ፣ ከዛፍ ሥር የተዛቀ የበሰበሰ ቅጠል አፈር አንድ እጅ ሆኖ ቢቀላቀል በቂ ነው። ዩሪያ መጨመር ተክሉን አለስልሶ ለብስባሽ ያዘጋጀዋል። መትከያውም ከፕላስቲክ ይልቅ የአገር ሸክላ ሠሪ የሠራው፣ ታቹ የተበሳ ሸክላ ቢሆን በዝናቡ ወራት ቶሎ ይደርቃል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለ ሱቆች ከዚህ ጋር ሌላ ንግድ እንዳለበት ልብ ይሏል፤ ያማረ ሸክላ ያለው ካክተስ በፕላስቲክ ካለው ይልቅ ዓይን ይስባል።

ውሃው እንደ ዓመቱ ይለያያል። በሚያዝያና በግንቦት መትከያው ደርቆ ሲነሣ ቀለል ባለ ጊዜ በደንብ ማጠጣት፣ ከዚያም እንደገና እስኪደርቅ መተው ይገባል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማንጠብጠብ ከሁሉ የከፋ አሠራር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የወጣበት ቀን ተመርጦ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። በመስከረም እንደገና ይጠጣል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይቆማል፤ እስከ የካቲት ድረስ ተክሉ ቢሸበሸብም፣ ቢኮማተርም፣ ባለቤቱ እጁን መሰብሰብ አለበት። ደረቅ የሆነ ሬቡሺያ፣ ኤኪኖፕሲስ ወይም ማሚላሪያ 5 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ በደኅና ይችላል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ከዚያ በታች ይችላል። ያው ተክል ሥሩ በውሃ ተሞልቶ እንዲህ ያለው ሌሊት ቢያገኘው በሳምንቱ ይለሰልስና ይወድቃል። እምቡጡ በግልጽ ከታየ በኋላ መጀመሪያ በመርጫ ማራስ፣ ቀጥሎ ማጠጣት ይጀመራል። እምቡጡ ሳይታይ ቸኩሎ ያጠጣ ሰው እምቡጡን ወደ ቅርንጫፍነት ይለውጠዋል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስለምትገኝ አየሩ በ4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። እዚያ ውርጭ የሚያሳስብ አይደለም፤ ከዝናብ የሚከልል ጣራ ብቻ ይበቃል። በአንጻሩ ተክሉ በቂ ቅዝቃዜ ስለማያገኝ የኩታበሩን ያህል ላያብብ ይችላል። በደጋው አምርቶ በቆላማው ከተማ መሸጥ የሚያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለጀማሪ የሚመረጠው ሬቡሺያ ነው። ከዘር በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ያብባል፤ አበባውም ቀይ፣ ብርቱካንና ቢጫ ሆኖ ከተክሉ ሥር ዙሪያውን ስለሚወጣ ተክሉ ራሱ አይታይም። ማሚላሪያ በራሱ ላይ እንደ አክሊል የከበበ ትናንሽ አበባ ያወጣል። ሁለቱም የሚያብቡት በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ስለሆነ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ። የኤኪኖፕሲስ አበባ እንደ መለከት ረጅምና ሽታው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ማታ ተከፍተው በማግሥቱ ቀትር ይጠወልጋሉ። ይህን ለገዢ አስቀድሞ አለመንገር ጠብ መግዛት ነው። ሽሉምበርገራ የምትባለው ደግሞ እሾህ የሌላት፣ ከብራዚል ተራራማ ደኖች የመጣች፣ በዛፍ ላይ የምትኖር ካክተስ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ስለምታብብ ለገና ስጦታ ትሆናለች። የእርሷ ጠባይ ከሌሎቹ ይለያል፤ ጥላና መጠነኛ እርጥበት ትፈልጋለች፣ ከ8 ዲግሪ በታችም አትወድም፤ እምቡጥ ካወጣች በኋላ መትከያዋን ከቦታው ማንቀሳቀስ እምቡጡን ያረግፈዋል።

የካክተስ ዘር እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ቢዘራ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። በዓመቱ የሽምብራ ፍሬ ቢያህል መልካም ነው። ስለዚህ ከዘር የሚጀምር ሰው ገንዘቡ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ታስሮ እንደሚቆይ ማስላት አለበት። በዚህ መካከል ኤኪኖፕሲስና ሬቡሺያ ከሥራቸው የሚያወጧቸውን ልጆች ገንጥሎ፣ ቁስላቸው እንዲደርቅ አንድ ሳምንት በጥላ አቆይቶ መትከል ይቻላል። በለስ የተከለ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቁራጩን ሳያደርቅ አይተክልምና።

ከውጭ አገር ወይም ከአዲስ አበባ የሚገዛ ነጋዴ ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቅ። አንደኛው በአረንጓዴ ግንድ ጫፍ ላይ እንደ ኳስ የተቀመጠው ቀይ ወይም ቢጫ ካክተስ ነው። ይህ ኳስ አረንጓዴ ቅመም ስለሌለው ብቻውን መኖር አይችልም፤ በሌላ ካክተስ ግንድ ላይ ተቆርጦ የተጣበቀ ነው። ግንዱ በብዛት ሃይሎሴሬየስ የሚባለው የሞቃት አገር ካክተስ ሲሆን፣ 10 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ይጎዳል። በኮምቦልቻ ሊኖር ይችላል፤ በኩታበር ግን በታኅሣሥ ከታች ጠቁሮ ሲወድቅ ነጋዴውም ገዢውም ምክንያቱን ሳያውቁት ይቀራሉ። ለደጋ የሚሆነው በኤኪኖፕሲስ ግንድ ላይ የተጣበቀው ነው። ሁለተኛው ማታለል ነው። በአንዳንድ አገሮች አበባ በሌለው ካክተስ ራስ ላይ የደረቀ አበባ በትኩስ ሙጫ ለጥፎ መሸጥ የተለመደ ሆኗል። አበባው ሲነካ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ፣ ለወራትም የማይጠወልግ ከሆነ እውነተኛ አይደለም፤ ሙጫውም ተክሉን ያቆስለዋል።

ወደ ውጭ የመላክ ሐሳብ ላለው ሰው የሕጉ ነገር መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመውና ሳይተስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ ሊጠፉ የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ካክተሶችን ከጥቂት ወገኖች በቀር በሁለተኛው ሠንጠረዡ፣ እጅግ ብርቅ የሆኑትን ደግሞ በአንደኛው ሠንጠረዡ አስገብቷቸዋል። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆናለች። ስለዚህ በቤት የተራባ ካክተስ እንኳ ድንበር ሲሻገር የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅበታል። የሽሉምበርገራ ዝርያዎችና በሃይሎሴሬየስ ላይ የተጣበቁት ባለ ቀለም ካክተሶች በሰው እጅ የተራቡ ሲሆኑ ከዚህ ነፃ ናቸው፤ ከሜክሲኮ ከሚላከው በቀር በሁለተኛው ሠንጠረዥ ያሉት ዘሮችም ነፃ ናቸው። የበለስ ፍሬም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ወፍራም ግንድ ያላቸው የኢዩፎርቢያ ዓይነቶችና፣ አሎ ቬራ ከሚባለው በቀር የሬት ዓይነቶች ሁሉ በሠንጠረዡ ውስጥ ስለሆኑ፣ ከወሎ ተራራ ቁልቋልና ሬት እየቆፈሩ ለውጭ ገዢ መላክ በጉምሩክ ከመያዝ የሚያድን መንገድ የለውም። ከዚህም በላይ በኔዘርላንድ ካክተስ በሰፋፊ ቤቶች በመኪና ኃይል እየተተከለ ይመረታል። ከ600 መትከያ ጋር ከእነዚያ ጋር መወዳደር ከንቱ ድካም ነው። የኩታበር አልሚ ገበያ ደሴ፣ ኮምቦልቻና በመንገዱ ላይ ያሉት ሆቴሎች ናቸው።

የሚያስገባ ነጋዴም ቢሆን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህን ወረቀት እንደ አጉል መጉላላት የሚቆጥር ሰው በትግራይ የደረሰውን ቢያስታውስ ይበጀዋል።

ኮቺኒል የሚባል ትንሽ ተባይ አለ። በበለስ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሰም ለብሶ ይኖራል፤ በጥፍር ሲደፈጠጥ እንደ ደም የቀላ ቀለም ይወጣዋል። ከዚህ ቀለም ካርሚን ይሠራል። ስፔናውያን ሜክሲኮን ከያዙ ጀምሮ በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ለነገሥታት ልብስ ማቅለሚያ ሲሸጡት የኖሩት ውድ ሸቀጥ ነው። ዛሬም በምግብና በከንፈር ቀለም ውስጥ ኢ 120 በሚል ምልክት ይገባል፤ ዋናዋ አምራች ፔሩ ናት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ይህ ተባይ ለውጭ ንግድ እንዲረባ ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በለሱ በብዛት አለ፣ ገበሬውም ተባዩን እየለቀመ ቢሸጥ ገቢ ያገኛል ተባለ፤ ለጥቂት ዓመታትም ተለቅሞ ተላከ። የመሰብሰቡና የመግዛቱ ሥራ ሲቋረጥ ግን ተባዩን የሚያነሣው ሰው ጠፋ። ጫጩቱ በነፋስ፣ በእንስሳትና በልብስ እየተጓዘ በደቡብ ትግራይ፣ በራያ አዘቦና በአካባቢው ያለውን በለስ በሰፊው አደረቀው። በዚያ አገር በለስ ጌጥ አይደለም። ከሰኔ ጀምሮ ጎተራ በሚጎድልበት ወራት የሰው ምግብ፣ በበጋ የከብት መኖ፣ ዓመቱን ሙሉ አጥር ነው። ራያ ደግሞ ከሰሜን ወሎ ጋር ይዋሰናል።

ነገሩ የኩታበርን የመስተዋት ቤት የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ኮቺኒልን በተፈጥሮ የሚቀንሰው አንዱ ነገር ብርቱ ዝናብ ነው፤ እያጠበ ያወርደዋል። ስለዚህም በሜክሲኮ ተባዩን ለቀለም የሚያረቡ ሰዎች ከጣራ ሥር ያኖሩታል። እንግዲህ ካክተሱን ከዝናብ የሚጠብቀው ያው ጣራ ተባዩንም ይጠብቀዋል ማለት ነው። ደረቅ፣ ሞቃትና ዝናብ የማይገባው ቤት ከገበሬው የበለስ አጥር ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲቆም፣ የተባይ መዋያ እንዳይሆን ባለቤቱ ከአበባው ይበልጥ ሊያስብበት ይገባል።

ኮቺኒል የሚኖረው ቅጠላቸው እንደ በለስ ጠፍጣፋ በሆነ ካክተሶችና በዘመዶቻቸው ላይ ነው። ድቡልቡሎቹ ሬቡሺያና ማሚላሪያ የእርሱ ምግብ አይደሉም። ስለዚህ የኩታበር አልሚ ጠፍጣፋዎቹን፣ ማለትም ኦፑንሺያ የሚባሉትን፣ የጥንቸል ጆሮ የምትመስለዋን ያማረች ዓይነት ጨምሮ፣ ከሌላ አገር አለማስገባቱ ከሁሉ የቀለለ መከላከያ ነው። የሚነግድባት ካለ ከአካባቢው ጤናማ ተክል ያራባት። ድቡልቡሎቹም ቢሆኑ ሌላ ጥጥ መሳይ ተባይ፣ በተለይም ሥር ውስጥ የሚደበቀውን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

ስለዚህ አዲስ የመጣ ማናቸውም ካክተስ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ከመትከያው ይወጣል፤ አሮጌው አፈር በላስቲክ ታስሮ ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል እንጂ በአጥር ሥር አይደፋም። ሥሩ ታጥቦ ይታያል። ከዚያም ተክሉ ከሌሎቹ ርቆ፣ በተለየ መደርደሪያ ላይ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ጥጥ መሳይ ነገር የታየበት እንደሆነ በእንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ የሕክምና አልኮል እየነከሩ ይነካካል፤ በሳምንቱም ይደገማል። ነጩ ነገር ተደፍጥጦ ቀይ ቀለም ከወጣው ግን ማከም አይሞከርም። ተክሉ ከነመትከያው ተቃጥሎ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ይነገራል። ተክሉን የነካ ሰውም ልብሱን ሳይለውጥ ወደ በለስ አጥር አይጠጋ።

የተለየው መደርደሪያ ከቤቱ ውጭ፣ ነፋስ ከዚያ ወደ በለሱ በማይነፍስበት ማዕዘን፣ በራሱ ትንሽ ጣራ ሥር ቢሠራ ይመረጣል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ ለሠላሳ መትከያ ይበቃል።